ከጡት ኢምፕላንት በኋላ፦ የሚጠነክር ጠባሳና የሚደበቅ ባክቴሪያ

በዚህ ዕትም አምዳችን ለአንድ ጉዳይ ብቻ ተሰጥቷል። ደብዳቤዎቹ የመጡት ከተለያየ ከተማና ከተለያየ የኑሮ ሁኔታ ቢሆንም፣ ሁሉም የሚጠይቁት ኢምፕላንት፣ ማለትም ጡትን ለማተለቅ ወይም መልሶ ለመሥራት የሚያገለግል የሲሊኮን ከረጢት፣ በጡት ውስጥ ከገባ በኋላ ስለሚከሰቱ ችግሮች፣ በተለይም ስለ ኢንፌክሽንና በኢምፕላንቱ ዙሪያ ስለሚፈጠረው ጠባሳ መጠንከር ነው። እነዚህ ሁለቱ በብዙ ሰው ዘንድ የማይገናኙ ይመስላሉ፤ የሚገናኙበት መንገድ ግን አለ፤ መልሶቹም በአብዛኛው የሚያጠነጥኑት በዚሁ ላይ ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል፤ የጸሐፊዎቹን ማንነት የሚገልጽ ዝርዝርም አውጥተናል።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ዕድሜዬ 34 ሲሆን የምኖረው ዱባይ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ኢስታንቡል ሄጄ ጡቴን በሲሊኮን አስተልቄ ነበር። ቁስሉ በጥሩ ሁኔታ ዳነ፤ ትኩሳትም ሆነ መግል አልነበረኝም። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ግን የግራ ጡቴ ከቀኙ ይልቅ እየጠነከረና ወደ ላይ እየወጣ መጣ፤ አሁን በዚያ ጎኔ ስተኛ ያመኛል። ቀዶ ሕክምናውን ላደረገልኝ ክሊኒክ ደውዬ ብነግራቸው በደንብ እንዳሸው መከሩኝ። አብራኝ የምትኖረው እኅቴ ደግሞ ኢንፌክሽን ይሆናል ብላ ኦጉመንቲን ገዝታልኝ ለአንድ ሳምንት ወሰድኩ፤ ለውጥ የለም። ኢንፌክሽን ነው ወይስ አይደለም? ማሸቱንስ ልቀጥል?
ሰ.፣ ከዱባይ

መልስ፦ ውድ ሰ.፣ በአካል ሳይታዩ በእርግጠኝነት መናገር ባይቻልም፣ የገለጹልን ሁኔታ ካፕሱላር ኮንትራክቸር ተብሎ ከሚታወቀው ችግር ጋር በእጅጉ ይመሳሰላል። ሰውነታችን ከውጭ የገባበትን ባዕድ ነገር፣ የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያም ይሁን ሌላ፣ በጠባሳ ሽፋን ከልሎ ከቀረው አካል ይለየዋል። ስለዚህ በኢምፕላንት ዙሪያ ሽፋን መፈጠሩ በራሱ በሽታ አይደለም፤ ኢምፕላንት ያላት ሴት ሁሉ ይህ ሽፋን አላት፤ በአብዛኞቹም ዘንድ ስስና ለስላሳ እንደሆነ ይኖራል። ችግሩ የሚጀምረው በሽፋኑ ውስጥ ያሉት ሴሎች ጠባሳ የሚሠራበትን ኮላጅን የተባለ ፕሮቲን ከመጠን በላይ ሲያመርቱና ከመካከላቸውም የመኮማተር ችሎታ ያላቸው ሲበዙ ነው። ያን ጊዜ ሽፋኑ ይወፍራል፣ ይጠብባል፣ በውስጡ ያለውንም ኢምፕላንት ይጨምቃል። በእጅዎ የሚሰማዎት ጥንካሬ የሲሊኮኑ ሳይሆን የዚህ የተኮማተረ ጠባሳ ነው።

ሐኪሞች የጥንካሬውን መጠን የሚገልጹት ቤከር በሚባለው ባለ 4 ደረጃ መለኪያ ነው። በመጀመሪያው ደረጃ ጡቱ ለስላሳ ነው፤ በሁለተኛው በእጅ ሲነካ ጠንከር ይላል እንጂ መልኩ አልተለወጠም፤ በሦስተኛው ጥንካሬው በመዳሰስ ብቻ ሳይሆን በዐይንም ይታያል፤ በአራተኛው ደግሞ ሕመም ይጨመርበታል። የእርስዎ ጡት ወደ ላይ መውጣቱና ሲተኙ ማሳመሙ ወደ መጨረሻዎቹ ሁለት ደረጃዎች የሚያመለክት ነው።

ወደ ዋናው ጥያቄዎ ስንመጣ፣ በተለመደው አነጋገር ኢንፌክሽን የምንለው ቅላት፣ ትኩሳትና መግል ያለው ነው፤ እርስዎ ዘንድ ያ የለም። ይሁን እንጂ ላለፉት ዐሥርተ ዓመታት የተሰበሰበው ማስረጃ ከእንዲህ ዓይነቱ መጠንከር ጀርባ ብዙ ጊዜ ድምፁን ያጠፋ ባክቴሪያ እንዳለ ያሳያል። ከሁሉም በላይ የሚጠረጠረው በቆዳችን ላይ ያለ ጉዳት የሚኖረው ስታፊሎኮከስ ኤፒደርሚዲስ ነው፤ ብጉር ካለበት ቆዳ ጋር ስሙ የሚነሣው ኩቲባክቴሪየም አክነስም አብሮ ይገኛል። እነዚህ ባክቴሪያዎች የሚኖሩት በቆዳ ላይ ብቻ አይደለም፤ በጡት ጫፍ በኩል ወደ ውጭ በሚከፈቱት የወተት ቱቦዎች ውስጥም ይገኛሉ። ስለዚህ ቆዳው በአዮዲን በሚገባ ታጥቦ እንኳ በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ጥቂቶቹ ኢምፕላንቱ ላይ ሊያርፉ ይችላሉ።

ካረፉ በኋላ የሚያደርጉት ነገር ነው መድኃኒትዎ ለምን እንዳልሠራ የሚያስረዳው። ባክቴሪያዎቹ በኢምፕላንቱ ገጽ ላይ ተጣብቀው ራሳቸው በሚያመነጩት ሙጫ መሰል ነገር ይሸፈናሉ፤ በወራጅ ውኃ ውስጥ ባለ ድንጋይ ላይ የሚለጠፈውን ልጋግ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ባዮፊልም የሚባለው ይህ ሽፋን የሰውነትን የመከላከያ ሴሎች ያግዳል፤ በውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች እድገታቸውን ስለሚያዘገዩም በደም ውስጥ የሚዘዋወረው አንቲባዮቲክ ብዙም አይጎዳቸውም። ቁጥራቸው መግል ለመፍጠር አይበቃም፤ ሰውነት ግን መኖራቸውን ስለሚያውቅ ሳያቋርጥ ይቆጣል፤ ዘወትር የተቆጣ ሕብረ ሕዋስ ደግሞ ጠባሳ ያበዛል። የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት ይህንኑ ባክቴሪያ በአሳማዎች ላይ በተተከሉ ኢምፕላንቶች ዙሪያ ጨምረው ተመልክተዋል፤ ባዮፊልም በተፈጠረበት ቦታ ሽፋኑ የመኮማተር ዕድሉ ጨምሮ ተገኝቷል። በሰዎችም ዘንድ በቀዶ ሕክምና የወጡ የጠነከሩ ሽፋኖች ከለስላሶቹ ይልቅ ብዙ ጊዜ ባክቴሪያ ይገኝባቸዋል።

ባክቴሪያ ብቸኛው ምክንያት ነው ማለት ግን አይደለም። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በኢምፕላንቱ ዙሪያ የተጠራቀመ ደም፣ የጨረር ሕክምና፣ ከተቀደደ ኢምፕላንት የወጣ ሲሊኮን፣ ኢምፕላንቱ ከጡንቻ በታች ሳይሆን በቀጥታ ከጡት እጢ በታች መቀመጡ፣ እነዚህ ሁሉ ዕድሉን ይጨምራሉ። አንድ ጡት ብቻ ጠንክሮ ሌላው ለስላሳ ሆኖ መቅረቱ ግን ምክንያቱ በመላ ሰውነትዎ ላይ ሳይሆን በዚያ ጎን በደረሰ ነገር ላይ እንዲፈለግ ያስገድዳል።

ማሸቱን ያቁሙ። «እሺው» የሚለው ምክር በብዛት የሚሰጠው በስልክ ለመስጠት ቀላል ስለሆነ ሳይሆን አይቀርም። ገና ባልጠነከረ ጡት ላይ እንኳ ማሸት መጠንከርን ስለመከላከሉ ያለው ማስረጃ ደካማ ነው፤ አንዴ የተኮማተረን ጠባሳ ደግሞ አይፈታም። በድሮ ጊዜ ሐኪሞች ራሳቸው ጡቱን ከውጭ በእጃቸው በኃይል ጨምቀው ሽፋኑን ይበጥሱት ነበር፤ ኢምፕላንቱን ስለሚቀድና ደም ስለሚያፈስ አሠራሩ ተትቷል። አንቲባዮቲኩንም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይድገሙት። ባዮፊልሙን አያጠፋም፤ በኋላ ከሽፋኑ ላይ ናሙና ተወስዶ ሲመረመርም ባክቴሪያው እንዳይበቅል በማድረግ ሐኪሙን ያሳስታል።

የሚያስፈልግዎ በዱባይ ፈቃድ ባለው የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም መታየትና በአልትራሳውንድ፣ ካስፈለገም በኤምአርአይ፣ ኢምፕላንቱ አለመቀደዱንና በዙሪያው ፈሳሽ አለመጠራቀሙን ማረጋገጥ ነው። ችግሩ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ደረጃ ላይ ከሆነ መፍትሔው በአብዛኛው ቀዶ ሕክምና ነው፤ የጠነከረው ሽፋን በሙሉ ወይም በከፊል ይወጣል፤ አሮጌው ኢምፕላንት ታጥቦ ተመልሶ አይገባም፣ በአዲስ ይተካል፤ ቀድሞ ከእጢው በታች ከነበረም ቦታው ከጡንቻ በታች ይደረጋል። ለአስም የሚሰጡት ሞንቴሉካስትና ዛፊርሉካስት በአንዳንድ ሐኪሞች ይታዘዛሉ፤ ለዚህ ችግር የተፈቀዱ ግን አይደሉም፤ ዛፊርሉካስት ጉበትን ክፉኛ ሊጎዳም ይችላል። ሌላው መንገድ ኢምፕላንቱን አውጥቶ ሳይተኩ መተው ነው፤ ይህንን የሚመርጡ ሴቶች ጥቂት አይደሉም፤ ምክንያቱም የጠነከረ ሽፋን ከወጣ በኋላ ተመልሶ የመጠንከሩ ዕድል ከመጀመሪያው ጊዜ ይበልጣል። የትኛውንም ቢመርጡ የሚወጣው ሽፋን ለባክቴሪያ ካልቸር (ባክቴሪያውን በቤተ ሙከራ አብቅሎ ለመለየት) እና ለፓቶሎጂ (ሕብረ ሕዋሱን በማይክሮስኮፕ ለማየት) ምርመራ እንዲላክ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ለዝግጅት ክፍሉ፤ ጥያቄዬ አስቸኳይ ስለሆነ በቶሎ ብትመልሱልኝ። ውጭ አገር ጡቴን ተሠርቼ አዲስ አበባ ከተመለስኩ ሁለት ሳምንት ሆነኝ፤ ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ ደግሞ ሦስተኛ ሳምንቴን ይዣለሁ። የቀኝ ጡቴ ቀልቷል፣ ያቃጥለኛል፣ ከስፌቱ ጥግ ትንሽ ፈሳሽ ይወጣል። ፋርማሲ ሄጄ አሞክሳሲሊን ወሰድኩ፤ ከዚያ ሲፕሮ ሰጡኝ፤ ሲሻለኝ ይቆይና ተመልሶ ይመጣል። ሆስፒታል ብሄድ ኢምፕላንቱን ያወጡብኛል ብዬ ፈራሁ። የከፈልኩበት ገንዘብ የብዙ ዓመት ቁጠባዬ ነው።
ም.፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ ም.፣ ይህ ዕትም እስኪወጣ ሳንጠብቅ በግል መልስ ልከንልዎታል፤ እዚህ የምናትመው ተመሳሳይ ሁኔታ ላይ ያሉ ሌሎች እንዲያነቡት ነው። መልሱ በአጭሩ ዛሬውኑ ሆስፒታል ይሂዱ የሚል ነበር። ከፍተኛ ትኩሳት፣ ማንቀጥቀጥ፣ ማስመለስ፣ በሰውነት ላይ የተሠራጨ ሽፍታ፣ ራስ እስከመሳት የሚያደርስ ድካም ወይም መደናገር ካለ ደግሞ ሰዓትም አይባክን፤ እነዚህ የባክቴሪያ መርዝ በደም ውስጥ መሠራጨቱን ሊያመለክቱ ይችላሉ፤ አልፎ አልፎ ብቻ የሚያጋጥም ቢሆንም ሕይወት የሚቀጥፍ ነው።

ለውበት በሚደረግ የጡት ማስተለቅ ቀዶ ሕክምና ኢንፌክሽን የሚያጋጥማቸው ብዙ ጊዜ ከመቶ 1 ወይም 2 ሴቶች ናቸው፤ አብዛኛውም የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ውስጥ ነው። እርስዎ ያሉት በዚሁ ጊዜ ውስጥ ነው። ነገሩ በስፌቱ ዙሪያ ባለው ቆዳ ላይ ብቻ ከሆነ በተገቢው መድኃኒትና በቁስል እንክብካቤ ሊድን ይችላል። ኢምፕላንቱ ያለበት ክፍተት ውስጥ ከገባ ግን በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ያስፈልጋል፤ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ግልጽ መሻሻል ካልታየ፣ መግል ከተጠራቀመ ወይም ኢምፕላንቱ በስፌቱ በኩል ከታየ፣ አብዛኞቹ ሐኪሞች ኢምፕላንቱን አውጥተው ክፍተቱን ያጥቡታል። በቶሎ የመጣች ሴት ኢምፕላንቷን የማዳን ዕድል አላት፤ በየፋርማሲው መድኃኒት እየቀያየረች የቆየች ግን ያንን ዕድል እያጣች ትሄዳለች። የፈሩት ነገር የሚመጣው ከመሄድዎ ሳይሆን ከመዘግየትዎ ነው ማለታችን ነው። ቢወጣም የመጨረሻ አይደለም፤ ኢንፌክሽኑ ፈጽሞ ከጠፋና ሕብረ ሕዋሱ ካገገመ በኋላ፣ በተለምዶ ከ3 እስከ 6 ወር ቆይቶ፣ መልሶ ማስገባት ይቻላል። ጤነኛ የሆነው የሌላው ጎን ኢምፕላንት አብሮ እንዲወጣ ግዴታ የለም።

ለሐኪሙ የወሰዱትን መድኃኒት ሁሉ በስሙ፣ በመጠኑና በቀኑ ይንገሩት፤ ማሸጊያውን ይዘው ቢሄዱ ይሻላል። ከዚያ በፊት ፈሳሹን ለማስወጣት ጡቱን አይጭመቁ፣ ቅባትም ሆነ ቅጠል አያድርጉበት። ፈሳሽ ከተጠራቀመ በአልትራሳውንድ እየታየ ልምድ ባለው እጅ በመርፌ ይወሰዳል፤ ያለ አልትራሳውንድ መርፌ ማስገባት ኢምፕላንቱን ሊቀድ ይችላል። ናሙናው ለካልቸር ሳይላክ ሌላ አንቲባዮቲክ በግምት መጀመር እስካሁን በፋርማሲ የተደረገውን በሆስፒታል መድገም ነው፤ በጠና የታመመች ሴት ስትሆን ግን መድኃኒቱ ወዲያው ይጀመራል፣ ናሙናውም ከዚያው በፊት በፍጥነት ይወሰዳል።

ለሕክምና ወደ ውጭ ሄደው ለተመለሱ ሁሉ መነገር ያለበት ሌላ ጉዳይ አለ። መሻሉና መመለሱ ለሳምንታት ከቀጠለ፣ የተለመደው ካልቸርም ምንም ካላሳየ፣ ማይኮባክቴሪየም አብሴሰስ፣ ፎርቹተም ወይም ኬሎኔ የሚባሉት፣ በውኃና በአፈር ውስጥ የሚኖሩ የሳንባ ነቀርሳ ተሕዋስ ዘመዶች መታሰብ አለባቸው። እ.ኤ.አ. በ2003 እና በ2004 በዶሚኒካን ሪፐብሊክ ዋና ከተማ በሳንቶ ዶሚንጎ የውበት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ወደ አሜሪካ የተመለሱ ሴቶች በማይኮባክቴሪየም አብሴሰስ ተይዘው በመገኘታቸው የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር። እነዚህ ተሕዋስያን ምልክታቸው ከሳምንታት እስከ ወራት ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል፤ የተለመዱት አንቲባዮቲኮች አይበግሯቸውም፤ ሕክምናቸውም ኢምፕላንቱን ማውጣትንና ለወራት የሚወሰድ የተቀናጀ መድኃኒትን ይጠይቃል።

በአገራችን ይህ ጉዳይ አንድ ተጨማሪ መደናገሪያ አለው። የሳንባ ነቀርሳ በብዛት የሚታይበት አገር እንደመሆናችን፣ ከመግሉ በተሠራ ስላይድ ላይ አሲድን የሚቋቋም ባሲለስ (ቲቢም ሆነ ዘመዶቹ የሚመደቡበት ዘንግ መሰል ባክቴሪያ) ሲታይ ቲቢ ነው ብሎ የቲቢ መድኃኒት መጀመር የሚጠበቅ ነገር ነው፤ የጡት ቲቢም በእርግጥ ያለ በሽታ ነው። ስላይዱ ግን ቲቢንና ከላይ የጠቀስናቸውን ዘመዶቹን አይለይም። የጂንኤክስፐርት ምርመራ የሚለየው የቲቢውን ዘር ነው፤ ስለዚህ ስላይዱ አዎንታዊ ሆኖ ጂንኤክስፐርቱ አሉታዊ ከሆነ ሐኪሙ ቆም ብሎ ናሙናው ለማይኮባክቴሪየም ካልቸርና ዘሩን ለመለየት እንዲላክ ማድረግ አለበት። ቀዶ ሕክምና ከአገር ውጭ እንደተደረገልዎት ሳይናገሩ ቢቀሩ ይህ ጥርጣሬ ለማንም አይመጣም፤ አፍረው አይደብቁት።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ51 ዓመት ሴት ስሆን በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እኖራለሁ። በጡት ካንሰር ምክንያት አንድ ጡቴ ተነሥቶ በኢምፕላንት ተተካልኝ፤ ከዚያ የጨረር ሕክምና ወሰድኩ። ካንሰሩ ፈጣሪ ይመስገን የለም። አሁን ግን ያ ጡት እንደ ድንጋይ ጠንክሮ እጄን ለማንሣት እንኳ ይከለክለኛል። ሐኪሜ እንደገና መሠራት አለበት ትላለች፤ ልጆቼ ደግሞ ኢንሹራንስሽ ይህንን አይከፍልም፣ የውበት ጉዳይ ነው ይሉኛል።
አ.፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ እመት አ.፣ እንኳን ለጤናዎ አበቃዎት። ከገንዘቡ እንጀምር፤ ልጆችዎ ተሳስተዋል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የሴቶች ጤናና የካንሰር መብቶች ሕግ፣ ጡት የማንሣት ቀዶ ሕክምናን የሚሸፍን የጤና ኢንሹራንስ የጡቱን መልሶ መሥራት፣ ሁለቱን ጡቶች ለማመጣጠን በሌላው ላይ የሚደረገውን ቀዶ ሕክምና፣ እንዲሁም በየደረጃው የሚመጡ አካላዊ ችግሮችን ሕክምና እንዲሸፍን ያስገድዳል። የጠነከረ ሽፋን ከእነዚህ ችግሮች አንዱ ነው። ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠው የመንግሥት ኢንሹራንስ ሜዲኬድ በዚህ ሕግ አይገዛም፤ የሚሸፍነውም በየግዛቱ ይለያያል። ኢንሹራንሱ ቢከለክልዎት እምቢታውን በጽሑፍ ይቀበሉና ሐኪምዎ የሕመሙንና የእጅዎን አለመታዘዝ በዝርዝር ጽፋ ይግባኝ እንድትልልዎ ያድርጉ።

ወደ ሕክምናው ስንመለስ፣ ጨረር የካንሰር ሴሎችን ሲያጠፋ የቆዳውንና የጡንቻውን ጥቃቅን የደም ሥሮችም ይጎዳል። ደም በሚገባ የማይደርሰው ሕብረ ሕዋስ ጠባሳ ያበዛል፣ ቁስሉ ቶሎ አይድንም፣ ባክቴሪያም በቀላሉ ይይዘዋል። ስለዚህ ጡታቸው ተነሥቶ ጨረር የወሰዱ ሴቶች የሽፋን መጠንከርም ሆነ ኢንፌክሽን የሚያጋጥማቸው ለውበት ብለው ከተሠሩት በብዙ እጥፍ ነው። የእርስዎ ችግር የመጣው ከጨረሩ ቢሆን እንኳ ጨረሩ አላስፈላጊ ነበር ማለት አይደለም፤ ካንሰሩ እንዳይመለስ ያደረገው ምናልባት እርሱ ነው።

ጨረር በተደረገበት ቦታ የጠነከረውን ሽፋን አውጥቶ ሌላ ኢምፕላንት ብቻ መተካት ችግሩን ብዙ ጊዜ ይመልሰዋል። ከሐኪምዎ ጋር ሊወያዩበት የሚገባው ሌላ አማራጭ ከራስዎ አካል በሚወሰድ ሥጋ መሥራት ነው፤ ከሆድ በታች ቆዳና ስብ ከነደም ሥሩ ተነሥቶ በማይክሮስኮፕ ከደረት የደም ሥር ጋር ይቀጠላል፤ ወይም ከጀርባ ጡንቻ ተዘዋውሮ ይመጣል። ቀዶ ሕክምናው ረጅም ነው፣ ማገገሚያውም ሳምንታት ይፈጃል፤ ጤናማ ደም የሚደርሰው ሕብረ ሕዋስ ስለሚያመጣ ግን በጨረር የተጎዳው ቦታ የተሻለ ይሸከመዋል። ከጀርባ በሚመጣው ጡንቻ ሥር ብዙ ጊዜ እንደሚደረገው ኢምፕላንት ካልታከለበት፣ በባዕድ ነገር ላይ የተጣበቀ ባክቴሪያም ሆነ የሚኮማተር ሽፋን የሚባል ነገር ከዚያ በኋላ አይኖርም። የስኳር ሕመም ካለዎት ወይም የሚያጨሱ ከሆነ ውሳኔው ከመደረጉ በፊት ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ ሁለቱም የውጤቱን መልካምነት ይቀንሳሉ።

ጥያቄ፦ ኢምፕላንቴን ካስገባሁ 9 ዓመት አልፎኛል። ምንም ሕመም ሳይኖረኝ አንዱ ጡቴ በሁለት ሳምንት ውስጥ በድንገት አበጠ። ትኩሳት የለኝም። የቤተሰብ ሐኪሜ ኢንፌክሽን ነው ብሎ አንቲባዮቲክ አዘዘልኝ። ይበቃል?
የ.፣ ከፍራንክፈርት

መልስ፦ አይበቃም። ኢምፕላንት ከገባ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በተለይም ከ7 እስከ 10 ዓመት ባለው ጊዜ፣ ጡት በድንገት ሲያብጥ ኢንፌክሽን፣ የኢምፕላንት መቀደድ ወይም ጡቱ ላይ የደረሰ ምት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ሳይመረመር መታለፍ የሌለበት አንድ ሌላ በሽታ አለ። በሽፋኑ ውስጥና በዙሪያው ባለው ፈሳሽ ውስጥ የሚነሣ፣ አናፕላስቲክ ላርጅ ሴል ሊምፎማ የሚባል ካንሰር ነው። የጡት እጢ ካንሰር አይደለም፤ የነጭ ደም ሴሎች ካንሰር ነው። አብዛኛውን ጊዜ የታየው ገጻቸው ሻካራ በሆኑ ኢምፕላንቶች ላይ ሲሆን፣ በዚሁ ምክንያት የአለርጋን ኩባንያ ባዮሴል የሚባሉት ኢምፕላንቶች እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2019 በአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ጥያቄ ከዓለም ገበያ እንዲሰበሰቡ ተደርጓል። ባክቴሪያ ለረጅም ጊዜ የሚያስከትለው መቆጣት ለዚህም መንገድ ይከፍታል የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ፤ ሐሳቡ ገና አከራካሪ ነው።

በሽታው የሚያጋጥመው ጥቂቶችን ነው፤ በጊዜ ሲደረስበትም ኢምፕላንቱንና ሽፋኑን ሙሉ በሙሉ በማውጣት ብቻ አብዛኞቹ ይድናሉ። ስለዚህ አልትራሳውንድ ይነሡ፤ ፈሳሹ ይወሰድና ለባክቴሪያ ካልቸር ብቻ ሳይሆን ለሴሎች ምርመራም ይላክ፤ በላኪው ወረቀት ላይ የዚህን ሊምፎማ ሴሎች ለመለየት የሚረዳው ሲዲ30 የሚባለው ምርመራ እንዲሠራ በግልጽ ይጻፍ፤ ካልተጻፈ ቤተ ሙከራው ላይሠራው ይችላል። በብብትዎ ሥር ንፍፊት ካለም ለሐኪሙ ያሳዩ። ሻካራ ኢምፕላንት ኖሯት ምንም ምልክት የሌላት ሴት ግን በፍርሃት ብቻ እንድታስወጣ አይመከርም።

ጥያቄ፦ ለሥራ ወደ ውጭ ስሄድ ጡቴን ለመሠራት አስቤያለሁ። ጆሮዬን ስበሳ ኬሎይድ ወጥቶብኝ ስለነበር ውስጡም እንደዚያው ጠባሳ ያበቅላል ብለው ጓደኞቼ ያስፈራሩኛል። ኢንፌክሽንንስ ለመከላከል ሐኪሙን ምን ልጠይቀው?
ቤ.፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ውድ ቤ.፣ ኬሎይድ የቆዳ ጠባሳ ነው፤ በኢምፕላንት ዙሪያ ያለው ሽፋን መጠንከር በሌላ መንገድ የሚመጣ ነው። ኬሎይድ ያለባት ሴት ሽፋኗ ይጠነክራል ተብሎ አይደመደምም። የሚያሳስበው ከውጭ የሚታየው የስፌት መስመር ነው፤ ደረት ኬሎይድ በብዛት ከሚወጣባቸው ቦታዎች አንዱ ስለሆነ ይህንን ለሐኪሙ አስቀድመው ይንገሩት፤ የሚቆረጠው የት እንደሆነና ቁስሉ ከዳነ በኋላ በሲሊኮን ልጣፍ ወይም በመርፌ እንዴት እንደሚከታተልዎት ይጠይቁት።

የሚቆረጥበት ቦታ ለኢንፌክሽኑም ጥያቄ ወሳኝ ነው። በጡት ጫፍ ዙሪያ ባለው ጥቁር ክብ በኩል የሚገባ ኢምፕላንት የወተት ቱቦዎችን ስለሚያቋርጥ ከባክቴሪያ ጋር የመገናኘት ዕድሉ ይጨምራል፤ ከጡት ሥር ባለው እጥፋት በኩል ሲገባ የሽፋን መጠንከር የሚያንሰው በዚህ ምክንያት እንደሆነ ይታመናል። ቢላዋ ከመነሣቱ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ በደም ሥር አንቲባዮቲክ ይሰጥ እንደሆነ፣ የጡት ጫፍ በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ይሸፈን እንደሆነ፣ ኢምፕላንቱ የሚገባበት ክፍተት በፖቪዶን አዮዲን ወይም በአንቲባዮቲክ ይታጠብ እንደሆነ፣ ሐኪሙ ኢምፕላንቱን ከመንካቱ በፊት ጓንት ይቀይር እንደሆነ፣ ቆዳ ሳይነካ በሚያስገባ ማስተላለፊያ ይጠቀም እንደሆነ ይጠይቁ። ይህንን ዘወትር የሚያደርግ ሐኪም ጥያቄውን በደስታ ይመልስልዎታል፤ የሚቆጣ ሐኪም ካጋጠመዎት ደግሞ ቁጣው ራሱ መልስ ነው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለሳምንታት የሚወሰድ አንቲባዮቲክ ቢታዘዝልዎት ያ የጥንቃቄ ምልክት ሆኖ አይታይዎት፤ ለውበት በሚደረግ ቀዶ ሕክምና ከመጀመሪያው መጠን ያለፈው የረባ ጥቅም አልተገኘበትም።

የቀን ሒሳቡንም አስቀድመው ይሥሩ። ቀዶ ሕክምና ተደርጎልዎት በሳምንቱ አውሮፕላን ቢሳፈሩ፣ ኢንፌክሽን ከመጣ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ሐዋሳ ከገቡ በኋላ ይሆናል፤ ስለዚህ ከመሄድዎ በፊት እዚህ አገር ማን እንደሚያይዎት ከአንድ ሐኪም ጋር ይነጋገሩ። ኢምፕላንት ለዕድሜ ልክ የሚቆይ ዕቃ አይደለም፤ የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የሲሊኮን ኢምፕላንት ያላቸው ሴቶች ከገባ ከ5 እስከ 6 ዓመት ባለው ጊዜ፣ ከዚያም በየ2 ወይም በየ3 ዓመቱ በአልትራሳውንድ ወይም በኤምአርአይ እንዲታዩ ይመክራል፤ ይህም ወጪ በሒሳብዎ ይግባ። ከክሊኒኩ ሲወጡ የቀዶ ሕክምናውን ማስታወሻና የኢምፕላንቱን ካርድ፣ የኩባንያው ስም፣ ሞዴሉ፣ መጠኑና የምርት ቁጥሩ ተጽፎበት፣ ተቀብለው ይውጡ፤ የሁለቱንም ፎቶ አንሥተው በስልክዎ ያስቀምጡ።